የመቺው ትከሻ፦ ከኋላ በኩል ስለሚቀደደው ላብረምና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስላሉት ወራት

ቤዝቦልና የትከሻ ጉዳት አብረው ሲነሱ ወሬው ሁሉ ወደ ፒቸሩ፣ ማለትም ወደ ኳስ ወርዋሪው፣ ያዘነብላል። ስንት ኳስ ወረወረ፣ ስንት ቀን አረፈ፣ ክርኑስ እንዴት ሆነ ይባላል። ዱላ ይዞ የቆመው መቺ የራሱ የሆነ የትከሻ ጉዳት እንዳለው ልብ የሚል ጥቂት ነው። ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ኳስ በሚወረውርበት ትከሻ ላይ ሳይሆን በሌላኛው ነው። የስፖርት ሐኪሞች «የመቺ ትከሻ» የሚል ስም ሰጥተውታል።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ዙሪያ ልጆቻቸው ለትምህርት ቤት ቡድን ቤዝቦል የሚጫወቱ ወላጆች አሉ። ቤዝቦል በሌለበት አገር ላደገ ወላጅ የኤምአርአይ ውጤት፣ የቀዶ ሕክምና ስምምነትና የማገገሚያ መርሐ ግብር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲከመሩበት ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። መጀመር ያለበት ከሁለት ጥያቄዎች ነው፦ የተጎዳው የትኛው ትከሻ ነው? ላብረሙስ፣ ማለትም የትከሻ ጎድጓዳን ጠርዝ የከበበው ቀለበት፣ የተቀደደው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? የክንድ ማንጠልጠያው ዓይነት፣ የተከለከለው እንቅስቃሴ፣ ወደ ሜዳ የሚመለስበት ጊዜ፣ ሁሉም የሚወሰነው በነዚህ ሁለት መልሶች ነው። ከኋላ ለተሰፋ ትከሻ ከፊት ለተሰፋ የተጻፈ መርሐ ግብር መስጠት ስፌቱን በገዛ እጅ እንደመጎተት ይቆጠራል።

የትከሻ ጎድጓዳ ጥልቀት የለውም። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅና ክብ ነው፣ የሚያርፍበት አጥንት ግን ትንሽና ለጥ ያለ ነው። ላብረም የሚባለው በጎድጓዳው ጠርዝ ዙሪያ የተጣበቀው ጠንካራ ቀለበት ነው። የክንዱ አጥንት ራስ ጀበና ቢሆን ላብረሙ ማቶቱ ነው፤ ማቶቱ ባንድ ጎኑ ከተተረተረ ጀበናው ወደዚያው ያጋድላል። ከላብረሙ ውጭ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ካፕሱል አለ፣ በላዩ ደግሞ ሮታተር ካፍ የሚባሉት አራት ጡንቻዎች ከነጅማታቸው አጥንቱን ወደ መሐል ይስባሉ። ትከሻን ያህል በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር መገጣጠሚያ በሰውነታችን ውስጥ የለም፣ የሚከፍለውም ዋጋ በቀላሉ መውለቅ ነው።

በቀኝ የሚመታ ተጫዋች ሲቆም ግራ ትከሻው ወደ ፒቸሩ ያያል። እሱ የፊት ትከሻው ነው። በግራ ለሚመታ ደግሞ የፊት ትከሻው ቀኙ ነው። ዱላው ሲወነጨፍ መጀመሪያ ዳሌ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ከዚያ ክንድ፣ ዱላው በመጨረሻ ይመጣል። ምቱ ሲጀመር የፊቱ ክንድ ደረትን አቋርጦ ተዘርግቷል፣ ወደ ውስጥም ዞሯል። በዚህ አቋም የክንዱ አጥንት ራስ ወደ ጎድጓዳው የኋላ ጠርዝ ተጠግቶ ነው የሚሠራው። ዱላው በዋናው ሊግ 900 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ በአማካይም በሰዓት 72 ማይል ገደማ ይወነጨፋል። በዚያን ጊዜ ትከሻውን ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል እስከ 500 ኒውተን እንደሚደርስ ተገምቷል፤ ይህም የ50 ኪሎ ክብደት ያህል ነው።

ከሁሉም የከፋው የሳተ ምት ነው፣ በተለይ ዝቅ ብሎና ራቅ ብሎ በሚመጣ ኳስ ላይ። መቺው ኳሱን ለመድረስ የፊት ክንዱን እስከ መጨረሻው ይዘረጋል፣ ትከሻውም ይበልጥ ደረትን ያቋርጣል። ኳሱ ቢመታ ዱላው ከፍጥነቱ ከፊሉን ለኳሱ ያስረክባል። ሲስት ግን የሚቀበለው የለም፤ ያን ሁሉ ፍጥነት የማቆም ሥራ ከትከሻው ጀርባ ባሉት ጡንቻዎች፣ በካፕሱሉና በላብረሙ ላይ ይወድቃል። ጀምሮ ማቆምም፣ ማለትም ዱላውን ግማሽ መንገድ ላይ መግታት፣ ያንኑ ጫና በአጭር ጊዜ ይጭናል።

የዋናው ሊግ ተጫዋች ፈርናንዶ ታቲስ ጁኒየር ጥሩ ምሳሌ ነው። በቀኝ ይመታል፣ በሚያዝያ 2021 አንድ ኳስ ስቶ ግራ ትከሻው ከቦታው ተንሸራተተ። በዚያው ዓመት ትከሻው ደጋግሞ አስቸገረው፣ ያም ሆኖ 42 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) መታ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው በመስከረም 2022 ነው። ኮርቢን ካሮል በግራ ይመታል፤ በግንቦት 2021 በታችኛው ሊግ ሳለ ሆም ራን በመታበት ምት ላይ የቀኝ ትከሻው የኋላ ካፕሱልና ላብረም ተቀደደ። ያ የውድድር ዘመን በቀዶ ሕክምና አለቀ። በ2023 ግን 25 ሆም ራን መትቶ፣ 54 ቤዝ ሰርቆ (ፒቸሩ ሲወረውር ወደ ቀጣዩ የሜዳ ማረፊያ ሮጦ ደርሶ) የናሽናል ሊግ የዓመቱ አዲስ ተጫዋች ሆኖ ተመረጠ። የካሮል ነገር ሳይሳት፣ ያውም በጥሩ ምት ላይ መድረሱ ጉዳቱ የደካማ መቺ ችግር ነው ለሚሉ መልስ ነው። ጉዳቱን የሚያመጣው ፍጥነት ነው፣ ፈጣኑ ደግሞ ጎበዙ ነው።

የኋላ ትከሻም፣ ማለትም ከፒቸሩ የራቀው፣ ነፃ አይደለም። ማይክል ኮንፎርቶ በግራ እየመታ በነሐሴ 2017 የሳተው አንድ ምት ግራ ትከሻውን አውልቆ የኋላ ካፕሱሉን ቀደደው። ግን ይህ ብዙ የሚታይ አይደለም።

የመቺዎች የትከሻ ቀዶ ሕክምና ሁሉ ከምት የመጣ ነው ማለትም አይደለም። ማት ኬምፕ በ2012 ዴንቨር ላይ ከሜዳው አጥር ጋር ተጋጭቶ ነው፣ ትሬቨር ስቶሪ በ2024 ኳስ ለመያዝ ተወርውሮ ሲወድቅ፣ ሾሄ ኦታኒ በ2024 የወርልድ ሲሪዝ (የዋናው ሊግ የፍጻሜ ውድድር) ሁለተኛ ጨዋታ ሁለተኛውን ቤዝ ሊሰርቅ ሲንሸራተት። ኮዲ ቤሊንጀርማ በ2020 ሆም ራን መትቶ ከጓደኛው ጋር ክንድ ለክንድ ሲጋጭ በደስታ መሐል ነው ትከሻው የወለቀው። ይህን የምለው በዘፈቀደ አይደለም፤ እጅ ዘርግቶ መውደቅ ብዙ ጊዜ ከፊት ይቀድዳል፣ ዱላ ማወናጨፍ ደግሞ ከኋላ። ስለዚህ «እንዴት ተጎዳ?» የሚለውን ለሐኪም በትክክል መንገር ምርመራውን ግማሽ መንገድ ያስኬደዋል።

ምልክቱ ሁልጊዜ ጩኸት ያለው አይደለም። ብዙዎች ወለቀብኝ አይሉም። ከትከሻ ጀርባ ጠልቆ የሚሰማ ሕመም፣ በተለይ ራቅ ያለ ኳስ ሲመቱ፤ «ጠቅ» የሚል ድምፅ፤ ፑሽ አፕ ሲሠሩ ወይም ከባድ በር ሲገፉ የሚመጣ ስጋት፤ የምት ፍጥነት መቀነስ። አንዳንዱ ልጅ ሕመሙን ሳያውቀው የውጩን ኳስ መምታት ይተዋል፤ አሠልጣኙም የዓይን ችግር ወይም የፍርሃት አድርጎ ያየዋል። ሕመሙ ምት ላይ ብቻ የሚመጣና ሲወረውር የማይኖር ከሆነ የፊት ትከሻውን መጠርጠር ይገባል።

ሐኪሙ ክንዱን 90 ዲግሪ ወደ ፊት አንስቶ፣ ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ከክርኑ ወደ ትከሻው እየገፋ ደረትን እያቋረጠ ይወስደዋል። ጀርክ ቴስት የሚባለው ይህ ነው። ድንገት የመዝለል ስሜት ወይም ጥርት ያለ ሕመም ካለ የኋላ ላብረሙ ይጠረጠራል። ተራ ኤምአርአይ ትንሽ ቅዳጅ ሊያመልጠው ስለሚችል ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያው ውስጥ ማቅለሚያ ተወግቶ የሚነሳው አርትሮግራም ይታዘዛል። አጥንት ተሰብሯል ወይም ተበልቷል ተብሎ ከታሰበ ሲቲ ስካን ይጨመራል። በሌላ በኩል ምንም ሕመም የሌላቸው ብዙ የቤዝቦል ተጫዋቾች ምስላቸው ላይ የላብረም ለውጥ ይታያል። ወረቀቱ ላይ «ቅዳጅ» የሚል ቃል ስላለ ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና መሮጥ አያስፈልግም፤ ምስሉ፣ ሕመሙና የእጅ ምርመራው አንድ ነገር መናገር አለባቸው።

ትከሻው ደጋግሞ የማይወልቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚሞከረው ያለ ቀዶ ሕክምና ነው። ለጥቂት ሳምንታት ዱላ ይቀመጣል፣ የሮታተር ካፍና የትከሻ ሰሌዳ ጡንቻዎች ይጠናከራሉ፣ ከዚያ በዝግታ ወደ ምት ይመለሳሉ። ሦስት ወር ገደማ በትክክል ተሠርቶ ውጩ ኳስ ላይ ያው ሕመም ከተመለሰ ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ተገቢ ነው። «በትክክል ተሠርቶ» የሚለው ላይ ልብ በሉ። በሳምንት አንድ ቀን ክሊኒክ ሄዶ ቤት ውስጥ ላስቲክ ያልነካ ልጅ ሕክምናው አልሠራለትም ማለት አይቻልም፤ ገና አልጀመረውም።

ቀዶ ሕክምናው በአርትሮስኮፒ ይሠራል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሱ ጥቂት ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ በአንዱ ካሜራ በሌሎቹ መሣሪያ ይገባል። የተላቀቀው ላብረም ይጸዳል፣ የአጥንቱ ጠርዝ ትንሽ እስኪደማ ይፋቃል፣ ምክንያቱም ላብረሙ የሚጣበቀው ከሚደማ አጥንት ጋር ነው። ከዚያ አንከር የሚባሉ ጥቃቅን ማሰሪያዎች አጥንቱ ውስጥ ይተከሉና በክራቸው ላብረሙ ወደ ቦታው ይታሰራል። ካፕሱሉ ከላላ አብሮ ይጠበቃል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ክንዱ መዞር ያጣል። ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ክንዱን የሚያደነዝዘው መርፌ በሌሊት ሊለቅ ስለሚችል የሕመም ማስታገሻውን ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ከመልቀቁ በፊት መጀመር ይሻላል። ሕመሙ ከነቃ በኋላ ለማስተኛት ከባድ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ከፊት ነው ከኋላ የሚሰፋው? ስንት አንከር ይገባል? አጥንትና ልም አጥንት ተጎድቷል? ማንጠልጠያው ምን ዓይነት ነው? አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሆስፒታሎች አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው ማለት ይቻላል፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ ግዴታው ነው። ታማሚውን ልጅ ለራሱ ቀዶ ሕክምና አስተርጓሚ ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ ልጁ ቶሎ ወደ ሜዳ መመለስ ይፈልጋልና የሚተረጉመውንም እንደዚያው ያሳጥረዋል።

ስለ ማንጠልጠያው ልቆይ፣ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ተራው ማንጠልጠያ ክንዱን ሆድ ላይ ያስተኛዋል። ያ ማለት ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሯል፣ የኋላው ካፕሱልና አዲሱ ስፌት ተወጥረዋል። ከኋላ ለተሰፋ ትከሻ የሚሰጠው በወገብ በኩል ትራስ ያለው፣ መዳፉን ወደ ፊት ወይም ትንሽ ወደ ውጭ የሚያሳይ ማንጠልጠያ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሆድ ላይ የሚያሳርፍ ከተሰጣችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። የሚታሰረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው፣ ሲተኙም ጭምር።

አልጋ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛት የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያከብዳቸዋል፤ ወንበር ላይ ወይም በትራስ ጀርባን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አድርጎ መተኛት ይቀላል። ክንዱ ተንሸራቶ ደረት ላይ እንዳይወድቅ ከፊት ትራስ ይደረጋል። ልብስ ሲለብሱ የተሠራው ክንድ መጀመሪያ ይገባል፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይወጣል። በተሠራው እጅ የሌላውን ብብት ማጠብ ክልክል ነው፣ ደረትን ማቋረጥ ነውና። በተሠራው ክንድ ደረትን አቋርጦ የመኪና ቀበቶ መሳብም እንዲሁ። ከወንበር ለመነሣት በእጅ መደገፍ፣ በር በእጅ መግፋት፣ ጠረጴዛ ላይ መደገፍ፣ እነዚህ ሁሉ የአጥንቱን ራስ በቀጥታ ወደ ኋላው ስፌት ይገፉታል። ልጆች ፑሽ አፕ እንደማይፈቀድ ያውቃሉ፣ ከሶፋ ሲነሡ ያንኑ እንደሚያደርጉ ግን አያስተውሉም።

ከፊት ለተሰፋ ትከሻ ክልከላው ሌላ ነው። እዚያ የሚፈራው ክንድን ወደ ጎን አንስቶ ወደ ውጭ ማዞር ነው፣ ማለትም ለመወርወር የተዘጋጀ ሰው አቋም። የቡድን ጓደኛ የሰጠውን የመልመጃ ወረቀት ከመጠቀም በፊት የሱ ስፌት በየት በኩል እንደነበረ ማወቅ ለዚህ ነው።

በነዚህ ሳምንታት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣት፣ አንጓና ክርን ይንቀሳቀሳሉ። በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይደረጋል፣ በጨርቅ ላይ እንጂ በቆዳ ላይ አይደለም። ፊዚዮቴራፒስቱ በራሱ እጅ ክንዱን ወደ ፊት እስከ 90 ዲግሪ ገደማ እያነሳ ይለማመዳል፣ ወደ ውስጥ ማዞሩ ግን ይዘገያል፤ ልኩን የሚወስነው ቀዶ ሐኪሙ ነው። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ እየጨመረ የሚሄድ መቅላት፣ የባት እብጠት ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ መናገር ግድ ነው። በእኛ ቤት ትከሻ ጠነከረ ሲባል «ወጌሻ ይየው፣ ትንሽ ቢታሽ ይፍታታል» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም፣ ሐሳቡም ከፍቅር የመጣ ነው። በስፌት የተያዘ ላብረምን ግን ማሸትም መሳብም አይቻልም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታየው ድርቀት በአብዛኛው የታሰበበት ነው፤ መጀመሪያ ይጣበቅ፣ ከዚያ ይፍታታ ነው ነገሩ። ሰርግ ካለም እስክስታው ለሌሎች ይቅር፤ ፈጣን የትከሻ መወዝወዝ የሚፈቀደው ማጠናከሪያው ከተጋመሰ በኋላ ነው።

አደገኛው ጊዜ ግን የመጀመሪያው ሳምንት አይደለም፣ ስድስተኛው ነው። ማንጠልጠያው ወጥቷል፣ ሕመም የለም፣ ልጁ ድኛለሁ ይላል። ክሩ ከመጀመሪያው ቀን ያዘ፣ ላብረሙ ከአጥንቱ ጋር በራሱ ጥንካሬ እስኪጣበቅ ግን 12 ሳምንት ገደማ ያስፈልገዋል። ሕመም መጥፋቱ ስለ ስፌቱ የሚነግረን ነገር የለም።

ከስድስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው እንቅስቃሴው ቀስ በቀስ ይሞላል፣ ጡንቻዎቹም ሥራ ይጀምራሉ። በመጀመሪያ ክንዱ ሳይንቀሳቀስ መግፋትና መያዝ፣ ከዚያ ላስቲክ። ከክርንና ከጎን መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ይዞ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር፤ በጎን ተኝቶ ከግማሽ ኪሎ ጀምሮ ያንኑ መሥራት፣ ሦስት ዙር 15 ጊዜ፤ የትከሻ ሰሌዳን ወደ ኋላ የሚስብ ቀዘፋ። ክብደት የሚጨመረው 15ቱም በንጹሕ አሠራር ሲያልቁ ነው።

የቤዝቦል ተጫዋቾች የሚወዷቸው ሁለት መወጠሪያዎች እዚህ ጠላት ይሆናሉ። አንደኛው ክንድን ደረት ላይ አቋርጦ መሳብ ነው። ሁለተኛው በጎን ተኝቶ የታችኛውን ክንድ ወደ ወለሉ መጫን ነው። ሁለቱም የተሠሩት የኋላውን ካፕሱል ለመለጠጥ ነው፣ ማለትም ሐኪሙ የሰፋውን ቦታ። ቡድኑ በጋራ ሲያሟሙቅ ልጁ በልማድ አብሮ ያደርጋቸዋል። ቀድሞ ለአሠልጣኙ መንገር ያስፈልጋል። ፊዚዮቴራፒስቱ ለክቶ ጠቧል ካላለ በቀር መመለስ የለባቸውም።

ፑሽ አፕ ከ12ኛው ሳምንት ገደማ በግድግዳ ይጀመራል፣ ከዚያ በጠረጴዛ ላይ፣ ወለል ላይ የሚወረደው ከአራት ወር በኋላ ነው። ቤንች ፕሬስ ከዚያም ይዘገያል። እግር፣ ዳሌና ወገብ ግን መጠበቅ የለባቸውም። በ1990ዎቹ የመቺዎችን ጡንቻ በኤሌክትሪክ የለኩ ተመራማሪዎች የምቱ ጉልበት በዋናነት ከዳሌና ከወገብ እንደሚመጣ አሳይተዋል። ዳሌው ሲደክም የጎደለውን ትከሻ ይከፍለዋል። ስለዚህ ማንጠልጠያ ውስጥ እያለም ቋሚ ብስክሌት፣ ቆይቶም ስኳትና የወገብ ማዞር ይሠራሉ።

ገንዘብ ላይ አንድ ነገር። ብዙ የኢንሹራንስ ዕቅዶች በዓመት የሚከፍሉለት የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ የተወሰነ ነው። በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሦስቴ ተሂዶ ቢያልቅ፣ ከሁሉ በላይ ባለሙያ ዓይን የሚያስፈልግበት አራተኛውና አምስተኛው ወር ባዶ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ቀጠሮውን አራርቆ የቤት ሥራውን ማብዛት፣ የተረፈውን ወደ ምት ለሚመለስበት ጊዜ ማቆየት ይሻላል። ቀዶ ሕክምናው በመኸር ከሆነና ዕቅዱ በጥር የሚታደስ ከሆነ ደግሞ የሁለት ዓመት ቀጠሮ ይገኛል።

ወደ ዱላ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ወር ገደማ ይጀመራል። ቀኑ ብቻውን ግን ፈቃድ አይደለም። ያለ ሕመም ሙሉ እንቅስቃሴ፣ በመለኪያ የታየ ቢያንስ 90 በመቶ የሌላው ትከሻ ጉልበት፣ በሐኪም ምርመራ የማይንሸራተት መገጣጠሚያ ያስፈልጋል። ጥሩ ፈተና አንድ አለ፦ በፑሽ አፕ አቋም 91 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት መስመሮች ላይ እጆች ይቀመጣሉ፣ በ15 ሴኮንድ አንዱ እጅ ሌላውን እየተሻገረ ይነካል። 21 ንክኪና ከዚያ በላይ እንደ ማለፊያ ይወሰዳል። ይህ ግን ትከሻው ለፑሽ አፕ ከተፈቀደ በኋላ ብቻ ነው።

የምት መርሐ ግብሩ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፣ በመካከሉ አንድ ቀን ዕረፍት። የሚጀመረው ያለ ኳስ በማወናጨፍ ሲሆን ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚሁ ነው። ያለ ኳስ ማወናጨፍ ቀላል ይመስላል። ለዚህ ትከሻ ግን በሙሉ ኃይል ባዶ ማወናጨፍ የሳተ ምት ማለት ነው፤ ዱላውን የሚያቆምለት ነገር የለም። ስለዚህ ሦስት ዙር አሥር አሥር፣ ከግማሽ ኃይል ሳያልፍ። ፍጥነት የሚጨመረው ኳስ ሲኖር ነው።

ቀጥሎ ቲ በሚባለው ማቆሚያ ዘንግ ላይ የተቀመጠ ኳስ። ከፍታው ወገብ ላይ፣ ቦታው መቺው አጠገቡ የሚቆምበት ቤዝ መካከል ወይም ትንሽ ወደ መቺው የቀረበ። 25 ምት በግማሽ ኃይል፣ ቀጥሎ 40፣ ከዚያ 50 በሦስት አራተኛ ኃይል። ቁጥርና ኃይል በአንድ ቀን አይጨመሩም። ቲው ወደ ውጭና ወደ ታች የሚዛወረው መሐሉ ላይ በሙሉ ኃይል ያለ ሕመም ከተመታ በኋላ ነው። ከዚያ ከጎን በእጅ የሚጣል ኳስ፣ ከፊት የሚጣል፣ አሠልጣኝ የሚወረውረው፣ ማሽን፣ በመጨረሻ እውነተኛ ፒቸር። የሚታጠፍና ዝቅ ብሎ የሚሸሽ ኳስ የመጨረሻው የመጨረሻ ነው፤ የሚያስተው እሱ ነውና። በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ ሁለት ጥሩ ልምምድ ሳይሠራ ወደ ቀጣዩ አይታለፍም።

ሕመም ሲመጣ ዓይነቱን መለየት ያስፈልጋል። ከልምምድ በኋላ የጡንቻ ድካም ቢኖርና ሲያሟሙቅ ቢጠፋ በዚያው ደረጃ መቆየት ነው። በማግስቱም የቀጠለ ከሆነ አንድ ቀን ጨምሮ ማረፍና አንድ ደረጃ መውረድ። ከጀርባ ጠልቆ የሚወጋ ወይም የመንሸራተት ስሜት ያለበት ከሆነ ዱላውን አስቀምጦ ሐኪም መጥራት። ዱላ ላይ ክብደት ጨምሮ ማወናጨፍ ጨዋታ ከተጀመረና ነገሩ ከተረጋጋ በኋላ የሚታሰብ ነው። የምት ፍጥነት መለኪያ ያለው ሰው ከጉዳቱ በፊት የነበረውን ቁጥር ፈልጎ ያስቀምጥ፣ ከስሜት ይልቅ እሱ ይናገራል።

ከኋላ ላብረሙ የተሰፋለት መቺ ወደ ጨዋታ የሚመለሰው በስድስት ወር አካባቢ ነው። መመለስና እንደ ድሮው መምታት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። ኬምፕ በ2011 39 ሆም ራን ነበረው፤ በጥቅምት 2012 ግራ ትከሻው፣ ማለትም የፊቱ፣ ከተሠራ በኋላ በ2013 በ73 ጨዋታ ስድስት ብቻ መታ፣ ያው ትከሻም እንደገና ተሠራ። በ2014 ወደ 25 ተመለሰ። ቤሊንጀር በኅዳር 2020 የፊት ትከሻው ተሠርቶ በ2021 የምት አማካዩ (ከሙከራው ውስጥ የተሳካለት ክፍል) .165 ላይ ወደቀ፣ እግሩም በዚያ ዓመት ተሰብሮ ስለነበር ሁሉንም በትከሻው ማሳበብ አይቻልም፤ በ2023 .307 መታ። አድሪያን ጎንዛሌዝ ግን በጥቅምት 2010 ተሠርቶ በ2011 .338 መታ። ስለዚህ የመጀመሪያው የውድድር ዘመን ቢያንስ ልጁን ከቡድን ማስወጫ ምክንያት መሆን የለበትም።

የሚወረውርበት ክንድ ከሆነ ጊዜው ይረዝማል። ኦታኒ በቀኝ ይወረውራል፣ የተሠራው ግራው ነው፤ በኅዳር 2024 ተሠርቶ በመጋቢት 2025 ቶኪዮ ላይ ይመታ ነበር፣ ዓመቱንም በ55 ሆም ራን ጨረሰ። ኪም ሃ ሶንግ በጥቅምት 2024 የተሠራው የሚወረውርበት ቀኝ ትከሻው ነው፣ የሚጫወተውም ረጅም ውርወራ በሚጠይቅ ቦታ ላይ ነው። የተመለሰው በሐምሌ 2025 ነው። ወርዋሪ ክንድ ለምት ቢደርስም ከቅርብ ጀምሮ እስከ ሩቅ የሚሄድ የራሱ የውርወራ መርሐ ግብር ያስፈልገዋል፤ በመሐሉ ልጁ መቺ ብቻ ሆኖ ሊሰለፍ ይችላል፣ አሠልጣኙ ከፈቀደ።

ጨዋታ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ላይ ልምምድ መቀነስ አለበት፣ ጨዋታው ራሱ ጫና ነውና። በተከታታይ ቀናት ሁለት ሁለት ጨዋታ ካለ አንዱን መተው ይመረጣል። ማጠናከሪያው በሳምንት ሁለት ቀን ይቀጥላል፣ ዘመኑ እስኪያልቅ። በደረት ወደ ቤዝ ተወርውሮ መንሸራተት የሚመለሰው ከሁሉም በኋላ ነው፤ በእግር ሲንሸራተቱም እጅን ከኋላ መሬት ላይ ተክሎ መደገፍ ተገቢ አይደለም፣ ሁለቱም እጆች ከፍ ብለው ይያዛሉ። ይህን በሣር ላይ በዝግታ ማለማመድ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ከዱላ ልምምዱ በፊት ቢደረግ ደግሞ ትከሻው ገና ሳይደክም ነው።